ለየብቻ ደህና፣ አብረውስ?

ልጄ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ከቤቱ ሆኖ በሚሠራባቸው ቀናት የልጅ ልጄን ልጠብቅ እሄዳለሁ። ምሳ ቀርቦ «ና ብላ» ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «እማ፣ ቴስቱ አላለቀም።» እሱ እጁን አጣጥፎ ኮምፒውተሩን ያያል፣ ወጡ ይቀዘቅዛል። እስከ 35 ደቂቃ የሚፈጅበት ጊዜ ነበር።

አምና አንድ ቀን ስሄድ ፊቱ ጠቁሮ ጠበቀኝ። ለመድኃኒት ቤቶች የክምችት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። በዋዜማው የልጁ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ስለነበር ቸኩሎ፣ ቴስቱን ዘልሎ ሥራውን ለደንበኞች ለቀቀው። አንደኛው የፕሮግራሙ ክፍል መድኃኒት የሚቆጥረው በፓኬት ነው፤ ሌላው በፍሬ። ለየብቻቸው ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሲገናኙ ግን 10 ፓኬት የነበረው 10 ፍሬ ተብሎ ተነበበ። መደርደሪያው ሞልቶ ሳለ ኮምፒውተሩ «አልቋል» እያለ በሽተኛ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ቴስቱ ይህን አያገኘውም ነበር?» አልኩት።

«ያገኘው ነበር እማ። ግን 35 ደቂቃ ማን ይጠብቃል?»

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። «ዩኒት ቴስት» የሚሉት አንዲት ትንሽ የፕሮግራም ክፍልን ለብቻዋ የሚፈትን ነው። ዳታቤዝም ኔትወርክም ስለማይፈልግ በመቶ የሚቆጠሩት በሰከንዶች ያልቃሉ። «ኢንተግሬሽን ቴስት» ደግሞ ክፍሎቹ ተገጣጥመው፣ ከዳታቤዙ ጋር ተገናኝተው መሥራታቸውን ያያል። ዳታቤዙ መነሣት፣ መረጃ መሞላት፣ በኋላም መጽዳት ስላለበት ጊዜ ይወስዳል። የእነልጄ ጥፋት ሁለቱን አንድ ላይ ማጨቃቸው ነበር። ቀርፋፋው ፈጣኑን ይዞት ይቆያል፣ ሰው ይሰለቻል፣ በመጨረሻም ሁለቱንም ይዘላል።

ይህን ስሰማ አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት በምሠራበት ጤና ተቋም ተረኛ ነርስ ነበርኩ። ተረኛ ሲቀያየር የምንሞላው ቅጽ አለን። የኦክስጅን ሲሊንደር ሙሉ ነው? አዎ። መቆጣጠሪያው ደህና ነው? አዎ። ፈርሜ ተረከብኩ። እኩለ ሌሊት ላይ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን መጣ፤ ደረቱ ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ነበር። ሲሊንደሩን ሳቀርብ መቆጣጠሪያው አልገጥም አለ። አዲስ የመጡት ሲሊንደሮች አፋቸው የተለየ ነበር። ሙሉ ሲሊንደርና ደህና መቆጣጠሪያ ይዤ፣ ለሕፃኑ የምሰጠው ኦክስጅን ግን አልነበረኝም። ጥበቃው ሮጦ ከሌላ ክፍል የሚገጥም እስኪያመጣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። ሕፃኑ ተረፈ። የእናቱ ዓይን ግን ዛሬም ከፊቴ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። አጭሩ ፍተሻ በየተራው፦ የክትባት ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን ማየት፣ ሲሊንደሩን፣ የደም ግፊት መለኪያውን ማረጋገጥ። ረጅሙ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን፣ ኃላፊ ተመድቦለት፦ ሁሉንም ገጣጥሞ፣ ከፍቶ፣ አየሩ ውሃው ውስጥ ሲንተከተክ በጆሮ መስማት። አዲስ ዕቃ ከመጣ ደግሞ ረጅሙ ሳይደረግ ሥራ ላይ አይውልም። ረጅሙን በየተራው አድርጉ ብንል ኖሮ ሰው ሳያይ መፈረም ይጀምር ነበር።

ልጄ ዝም ብሎ ሰማኝና «እኛም እንለያቸው ስንል ነው የከረምነው» አለ። በሚቀጥለው ወር ለዩዋቸው። ፕሮግራሙን የሚገጣጥምላቸው መሣሪያ «ሜቨን» ይባላል። ስማቸው «ቴስት» ብሎ የሚያልቀውን ፋይሎች «ሹርፋየር» የሚባለው ክፍል በየጊዜው ቶሎ ይፈትናል፤ «አይቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት የሚያልቁትን «ፌይልሴፍ» ቆይቶ ይፈትናል። እኔን ደስ ያለኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ስህተት ቢያገኝም እዚያው አያቋርጥም፤ መጀመሪያ የተከፈተው ሁሉ እንዲዘጋና እንዲጸዳ ዕድል ሰጥቶ ነው «ወድቋል» የሚለው። እኛም ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ነገር ቢበላሽም ጨርቅና መቀስ ሳንቆጥር አንዘጋም።

መለየት ማለት ግን ረጅሙን መተው አይደለም። ልጄ እንደሚለው፣ ለብቻ የተቀመጠ ፈተና ባለቤት ካልተመደበለት ይረሳል። ስለዚህ ሕግ አወጡ፦ ፈጣኑ በእያንዳንዱ ለውጥ ይሠራል፤ ረጅሙ ሌሊት ሌሊት፤ ለደንበኛ ከመለቀቁ በፊት ግን ሁለቱም ማለፍ አለባቸው፤ የወላጆች ቀን ቢሆንም።

እኔም ከዚህ በኋላ ራሴን ታዘብኩ። አራት ልጆች አሉኝ፤ በየቀኑ እደውልላቸዋለሁ። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ እማ።» «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» ሁሉም ደህና! ለፋሲካ ግን ሴት ልጄ ስትገባ ይኸው ልጄ ተነሥቶ ወጣ። ለካ በአንድ የገንዘብ ጉዳይ ተቀያይመው አራት ወር ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። እኔ ለየብቻ ስጠይቃቸው ማንም አልዋሸኝም።

አሁንም በየቀኑ እደውላለሁ፤ ያ ፈጣኑ ነው። በወር አንድ እሑድ ደግሞ አራቱም እኔ ዘንድ በአንድ ትሪ ይበላሉ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን አይቀመጡም ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ልጄ ለእህቱ ሲያጎርሳት አየሁ። ያን ቀን ወጡም አልቀዘቀዘ።