በአንድ ሳህን፤ ከቃሊቲ እስከ ዲላ

ስለ ጉዞ የሚጻፍ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከተራራና ከሐይቅ ይጀምራል። የእኛ ከወጥ በመጀመሩ አንባብያን አትታዘቡን። በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከቃሊቲ እስከ ዲላ ያደረግነውን የአራት ቀን ጉዞ ገና ሳይጀመር ሊያፈርሰው የነበረው የመንገዱ ርቀት አልነበረም። ገንዘብም አልነበረም፤ እሱንማ ከጥቅምት ጀምሮ በየሳምንቱ ስናጠራቅም ከርመናል። ነገሩ የሥጋ ጉዳይ ነበር።

የተመዘገብነው ሠልጣኞች ሃያ ሁለት ነን። ከመካከላችን አምስቱ ሙስሊሞች፣ አራቱ ፕሮቴስታንቶች፣ የቀሩት ኦርቶዶክሶች ናቸው። የጉዞው ዓላማ «ከተሞችን መጎብኘትና የየአካባቢውን ምግብ መቅመስ» ተብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደ ወጣ፣ ከሙስሊም እኅቶቻችን አንዷ መጥታ ስሟን ሰረዘች። ለምን ስትባል «እናንተ ጥሬ ሥጋ ስትቆርጡ እኔ አራት ቀን ሽሮ እየበላሁ ልዞር ነው? ሽሮማ አቃቂም ሞልቷል» አለች። ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን ዝም ዝም ተባባልን፤ እውነቷን ነዋ!

በአገራችን በክርስቲያን እጅ የታረደውን ሙስሊሙ አይበላም፣ በሙስሊም እጅ የታረደውንም ክርስቲያኑ አይበላም። ከአባት ከእናት የወረስነው ነው እንጂ ማንም ለማንም ክፋት አስቦ አይደለም። በሠርግም ሆነ በለቅሶ ቤት ዘዴው የታወቀ ነው፤ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል፣ ለብቻ ይቀርባል፣ ሁሉም ጠግቦና መርቆ ይነሣል። ሠርግ ግን የአንድ ቀን ነገር ነው። አራት ቀን በአንድ መኪና ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ሄዶ በምሳና በራት ሰዓት ወዲያና ወዲህ መበታተን ሌላ ነው።

በመሆኑም አምስት አባላት ያሉት የጉዞ ኮሚቴ ተቋቋመ። ስለ ጾሙ ብዙ አልደከመም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ረመዳኑም በመጋቢት ስላለቀ፣ ግንቦት ለሁሉም ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። በሥጋው ላይ ግን ሁለት ማታ ሙሉ ክርክር ተደረገ። ሁለት ምግብ ቤት እየመረጥን እንብላና መኪናው ጋ እንገናኝ የሚል ሐሳብ ቀረበ። «ታዲያ አብረን የምንሆነው ጥርስ ስንፍቅ ነው ማለት ነው?» ተብሎ ወደቀ። በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፤ ከጋራው ገንዘብ ሥጋ አይገዛም፣ መንገዱም ሃያ ሁለታችን ከአንድ ሳህን ልንበላ በምንችልባቸው ከተሞች በኩል ይሁን። ዓሣ፣ እንሰት፣ እህል፣ ቡና። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ «በዱከም አልፎ ሥጋ አለመቅመስ ጎንደር ሄዶ የፋሲልን ግንብ ሳያዩ እንደ መመለስ ነው» ብሎ ቢሟገትም ውሳኔው በድምፅ ብልጫ አለፈ። በማግስቱ ያች እኅታችን ስሟን እንደገና ጻፈች፤ ያውም በቀይ እስክሪብቶ።

ከቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ በተከራየነው ኮስትር ሲነጋጋ ተነሣን። የአቃቂን ድልድይ ተሻግረን ገላንን አልፈን ዱከም ስንደርስ፣ ያ ተሟጋች ወንድማችን የገባውን ቃል ፈጸመ፤ ከመጀመሪያው ሥጋ ቤት እስከ መጨረሻው ዓይኑን ጨፍኖ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ቻይናዎች ባቋቋሙት የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በኩል ስናልፍ «አሁን ግለጥ» አልነው።

እነዚህን ከተሞች ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር አቃቂን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በአንድ ክር እንደ ተሰካ ዶቃ አያይዟቸዋል። ባቡር በቆመበት ሁሉ እንግዳ ይወርዳል፤ እንግዳ የወረደበት አገር ደግሞ ምግብ ቤት አያጣም።

ቢሾፍቱ ላይ ቁርሳችን ጨጨብሳ ነበር። ቂጣው ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ታሽቶ፣ ማር ጠብ ተደርጎበት በትልቅ ትሪ ቀረበ። ሆራ፣ ቢሾፍቱና ባቦጋያ የሚባሉት ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቆፈራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ መሆናቸውን ከጂኦግራፊ ክፍል የመጣው ጓደኛችን ትሪው ፊት ቆሞ ያስረዳን ጀመር። ማብራሪያው መልካም ነበር፤ ሲጨርስ ግን ትሪው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። የኢሬቻ በዓል ወደሚከበርበት ወደ ሆራ አርሰዲ ዳርቻ ወርደን ጥቂት ተቀመጥን። ለእሱም ዳቦ በሻይ ተገዛለት።

ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዳማ፣ ሌላው ወደ ደቡብ። ደቡቡን ያዝን። የመቂን ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኮት እያየን ለምሳ ባቱ ገባን፤ ብዙዎቻችን ዝዋይ እያልን የምንጠራት ከተማ ናት።

የዝዋይ ሐይቅ ደንበልም ይባላል። በውስጡ ደሴቶች አሉ፤ የዛይ ሕዝብ የኖረባቸው ናቸው። በትልቁ ደሴት በቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የቆየችው እዚያ ነው የሚል ትውፊት አለ። እኛ ግን ደሴቱን ከዳር ሆነን ከማየት አላለፍንም፤ ርቦን ነበርና። በሐይቁ ዳር ዓሣ የሚገፍፉ ልጆች ቢላዋቸው እንደ መብረቅ ነው። ከኋላቸው አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ አሞራዎች እንደ ተራ አስከባሪ ተሰልፈው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ።

ያዘዝነው ቆሮሶ ነው። ሆዱ ይጸዳል፣ ሁለት ጎኑ በቢላዋ ጠለቅ ጠለቅ ተደርጎ ይተለተላል፣ ከዚያም ጭንቅላቱ ሳይቆረጥ እንዳለ በፈላ ዘይት ይጠበሳል። ከእንጀራ፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ሳይጠበስ ግን ያች እኅታችን ወደ ማድ ቤት ገባ ብላ «እትዬ፣ ይሄ ዘይት ሥጋ ተጠብሶበታል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቲቱም ቀና ብለው «ኧረ ልጄ፣ የዓሣ መጥበሻማ ለብቻው ነው። አንዴ ዓሣ የነካው ዕቃ ለምን ይሆናል ብለሽ!» አሏት። በዚህ ተዘጋ። በእስልምና ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም። በክርስቲያኖቹ በኩል በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የታወቀ ቢሆንም፣ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ማንም አላነሣውም። ትሪዎቹ መጡ። ጠረጴዛዎቹን ገጣጥመን ዙሪያውን ከበብን። በስመ አብም፣ ቢስሚላሂም፣ የፕሮቴስታንቶቹም ጸሎት በዚያው ማዕድ ላይ ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ደቂቃ የተሰማው አጥንት ሲለቀም ብቻ ነበር። ዓሣ ደግሞ ችኩልን አይወድም፤ ያጎርሱኛል ብሎ አፉን የሚከፍትም እሾኹን ማመን አለበት። ጉርሻው ግን አልቀረም፤ እሾኹን እየለቀሙ ነበር የሚያጎርሱት።

ላንጋኖ አድረን፣ በዚያ ቡናማ ውሃ ዋኝተን፣ በሁለተኛው ቀን ወደ ሻሸመኔ ቀጠልን። በመንገድ ላይ ወደ 266 ሜትር የሚጠልቀውን የሻላን ሐይቅ ከሩቅ አየን። ሻሸመኔ ላይ ከካሪቢያን የመጡ ራስታፈሪያን በ1940ዎቹ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ ይኖራሉ። ምግባቸው ኢታል ይባላል፤ ሥጋ የለበትም፣ ጨውም የማያስገቡ አሉ። ለእኛ ኮሚቴ የተፈጠረ ምግብ ይመስላል፤ ሆኖም «ጨው የሌለው ወጥ ከመድኃኒት በምን ይለያል?» ያሉ ስለ በዙ ጭማቂ ብቻ ጠጥተን ተነሣን።

ሐዋሳ ከ1950ዎቹ ወዲህ ያደገች ወጣት ከተማ ናት፤ መንገዶቿ ሰፋፊ፣ ዛፎቿ ጥላማ። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የቀመስነውን ሾርባና ለብለብ ለመተረክ ቦታ አይበቃንም። እውነተኛው ፈተና የገጠመን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከመካከላችን አንዷ የሲዳማ ልጅ ስለሆነች እናቷ ሊጋብዙን ጠርተውን ነበር። ደጃቸው ስንደርስ ምን እናያለን? ከእንሰቱ ሥር አንድ ሙክት ታስሮ ይጠብቀናል።

አስቡት እንግዲህ። እንግዳ መጥቶ ሳይታረድለት መቅረቱ ለባለቤቷ ሐፍረት ነው። ከታረደ ደግሞ በማን እጅ? በማንም እጅ ቢታረድ ከሃያ ሁለታችን ከፊሉ ከገበታው ይነሣል። አንታረድለትም ብሎ መመለስም ስድብ ይመስላል። ኮሚቴው ከአጥር ውጭ አስቸኳይ ስብሰባ አደረገ፤ ውሳኔ ግን ላይ አልደረሰም። ከሙስሊም ወንድሞቻችን አንዱ «እርዱት፣ እኛ ቆጮውን እንበላለን፤ እናትን አናሳፍር» አለ። ይህን ሲል ክርስቲያኖቹ ደግሞ «ታዲያ የመጣንበት ውሳኔ የት ሄደ?» አሉ። ያን ያህል ሲወዛገቡ ልጅቱ ገብታ ነገሩን በሲዳምኛ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናትየው አንድ ጊዜ ሙክቱን፣ አንድ ጊዜ እኛን አዩና አንድ ነገር ተናገሩ። ልጅቱ እየሳቀች ተረጎመችልን። «በጉ የትም አይሄድ፤ እናንተ ግን ነገ ትሄዳላችሁ» ነው ያሉት። ገመዱ ተፈታ፤ ሙክቱም ወደ ጓሮ ተመለሰ።

ከዚያ ሻፌታ ቀረበ። ሻፌታ የሸክላ ዕቃ ነው፤ በውስጡ ቡርሳሜ፣ ማለትም በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ ነበር፤ ከጎኑም ዕርጎ። እንሰት ከሃያ ሚሊዮን የማያንስ የአገራችን ሕዝብ የሚኖርበት ተክል ነው። ዓመታት ይጠበቃል፣ ከዚያ ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይፈጫል፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከዚያ ተጨምቆ፣ ተከትፎ፣ ጭረቱ ወጥቶ ነው ለምግብ የሚደርሰው። ዝናብ ሲቀር ጤፍ ወዲያው ሰውን ይከዳል፤ እንሰት ግን ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ እናትየው እጃቸውን ሲያሳዩን መዳፋቸው እንደ ሞረድ ነበር። በኮባ ቅጠል እየቆነጠርን በላን። ሰሜን ያደጉት መጀመሪያ ሽታውን ጠርጠር አድርገው ነበር፤ በኋላ ሻፌታው ታችኛው ድረስ ሲጠረግ ግን ከፊት ሆነው የተገኙት እነሱ ናቸው።

እናትየው ስለ ፊቼ ጨምባላላ አጫወቱን። ይህ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ሲሆን፣ ቀኑን የሚቆርጡት ኮከብ የሚመለከቱ አዋቂዎች ናቸው። ያን ዕለት ቡርሳሜ በየቤቱ ይበላል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይዞራል። የተጣላም ሳይታረቅ ወደ በዓሉ አይገባም ተባልን።

በሦስተኛው ቀን በይርጋለም በኩል ወደ ዲላ ወረድን። ከዚያ ወዲያ ያለውን የጌዴኦ አገር በቃል ማስረዳት ያዳግታል። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፤ ሁሉም በአንድ ጓሮ ውስጥ ተደራርቦ ይኖራል። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቱቱ ፈላ የትክል ድንጋዮቹን አየን። የዲላ ዩኒቨርሲቲን በር ስናልፍ ደግሞ አጨበጨብን፤ ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ስለ ነበር የራሳችን ቤት መሰለን። ማታ በአንዲት እናት ቤት ቡና ተፈላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ለቡና ኮሚቴ አላስፈለገም።

በአራተኛው ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተን ቀኑን ሙሉ ስንጓዝ ዋልን። ወደ ማታ ዱከም ስንደርስ ያ ወንድማችን ሾፌሩን አስቆመ። «የጋራው ገንዘብ አይነካም፤ ይሄ የራሴ ኪስ ነው» ብሎ ወረደ፤ አምስት ሆነው ተከተሉት። የቀረነው ከመንገዱ ማዶ ማኪያቶ እየጠጣን ጠበቅናቸው። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ያች እኅታችን በመጨረሻ መንገዱን ተሻግራ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆማ «ኧረ ቶሎ ቁረጡ፣ ቃሊቲ ታክሲ ያልቅብናል!» ብላ ጮኸችባቸው። እየዋጡ ወጡ።

ሒሳቡ በኮሚቴው ጸሐፊ ተዘግቷል፤ የተረፈውም ለቀጣዩ ጉዞ ተቀምጧል። ከወዲሁ ሐረር ይሁን የሚሉ አሉ፣ አርባ ምንጭ ይሁን የሚሉም አሉ። ሐረር ከተማዋ ሐይቅ የላትም፤ አርባ ምንጭ ደግሞ ሁለት አላት። የሐረር ወገኖች «ዓሣ ብቻ ነው እንዴ አገሩ!» እያሉ ነው። ስብሰባው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስም መመዝገቢያው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ተለጥፏል።