እምቢ ያለችው ቁልፍ

በጅቡቲ ከተማ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው። የዕረፍት ቀኖቹ ዓርብና ቅዳሜ ናቸው። ስለዚህ በአገሬ ሳለሁ ዘመድ በምጠይቅበትና ከወዳጆቼ ጋር ቡና በምጠጣበት ቀን፣ እዚህ በማለዳ ተነሥቼ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ወደ መሥሪያ ቤቴ እገሰግሳለሁ። ሥራዬ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው ክፍል በጅቡቲ ወደቦች በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ እንደ እኔ ያለ ሰነድ አዘጋጅ ኢትዮጵያዊ በዚህች ከተማ ጥቂት አይደለም። መርከብ ዕቃውን በዶራሌ ወደብ ቢያራግፍም፣ ሰነዱ ተሟልቶ ካልቀረበ አንድም ኮንቴይነር ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ቀድሞ ይህ ሁሉ በወረቀትና በማኅተም ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚበዛው በኮምፒዩተር ነው።

ስለ ሥራዬ ጥቂት ላብራራ፤ አለዚያ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እሑድ ያናደደኝ ነገር ለአንባቢ የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ድረ ገጽ በሚከፍተው ፕሮግራም፣ በተለምዶ ብራውዘር በምንለው፣ የኮንቴይነሮችን ዝርዝር እከፍታለሁ። ከዝርዝሩ አንዱን መርጬ ገጹን እገልጣለሁ፤ መለያውን፣ ክብደቱንና የደረሰበትን ቀን አይቼ ወደ ዝርዝሩ እመለሳለሁ፤ ደግሞ ሌላውን እገልጣለሁ። የእያንዳንዱ ኮንቴይነር መለያ አራት ፊደልና ሰባት አኀዝ አለው፤ የመጨረሻዋ አኀዝ የሌሎቹን ትክክለኛነት መመርመሪያ ናት። ከገጹ ወደ ዝርዝሩ የምመለሰው ባክስፔስ የተባለችውን ቁልፍ በመንካት ነበር። ባክስፔስ በጽሑፍ ውስጥ የተሳሳተ ፊደል ታጠፋለች፤ ከጽሑፍ ውጭ ስትነካ ግን ወደ ቀደመው ገጽ ትመልስ ነበር። በቀን ስንት መቶ ጊዜ እንደምነካት ቆጥሬ አላውቅም። የቤቱን ደረጃ የሚወርድ ሰው እርምጃውን ይቆጥራልን?

በዚያ እሑድ ጠዋት ኮምፒዩተሬን ስከፍት፣ ብራውዘሩ በዕረፍቱ ቀኖች ራሱን በራሱ አድሶ ጠበቀኝ። መልኩ ያው ነው። የመጀመሪያውን ኮንቴይነር ገለጥሁ፤ አነበብሁ፤ ባክስፔስን ነካሁ። ገጹ አልተንቀሳቀሰም። ደግሜ ነካሁ። በሦስተኛው ጊዜ መንካት ሳይሆን መምታት ሆነ። የዕቃው ባለቤት ሳይሆን ዕቃው የሚመታበትን ይህን ጠባይ አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው ጠርተውታል። እኔም ፕሮግራሙን የለወጡት ሰዎች በየትኛው አገር እንዳሉ ስለማላውቅ፣ በእጄ ያለችውን ቁልፍ ቀጠቀጥሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በገጹ አናት ላይ ወደ ግራ የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች፤ በማውዝ ብነካት ወደ ዝርዝሩ ትመልሰኝ ነበር፤ መለሰችኝም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ኮንቴይነር እጄን ከቁልፎቹ አንሥቼ ማውዙን መጨበጥ፣ ቀስቷን መፈለግ፣ መንካት፣ ከዚያም እጄን ወደ ቦታው መመለስ ነበረብኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትዕግሥቴ ተሟጠጠ። በዚህ ጊዜ ነበር ዋናው ጉዳት የደረሰው።

ለአንድ አዲስ አበባ ላለ አስመጪ የብዙ ኮንቴይነሮችን መለያ የያዘ ረጅም ቅጽ እየሞላሁ ነበር። ያለ ክፍያ በወደብ የሚቆዩበት ጊዜ በዚያው ቀን ያበቃል፤ ቅጹ እስከ እኩለ ቀን ካልቀረበ ነጋዴው የሚቀጥለውን ቀን ኪራይ ይከፍላል። ወደ መጨረሻው ገደማ አንዲት አኀዝ ተሳሳትሁና ስሕተቴን ለመሻር ኮንትሮልና ዜድ የተባሉትን ቁልፎች ልነካ ፈለግሁ። እጄ ተናዶ ነበር፤ የተናደደ እጅ ደግሞ ወደ ትውልድ አገሩ ይመለሳል። ጣቴ በአዲስ አበባ ዜድ ያለችበትን ቦታ ነካች። በዚያ ቦታ የነበረችው ግን ደብልዩ ናት። ኮንትሮልና ደብልዩ አብረው ሲነኩ ገጹን ይዘጋሉ። ቅጹ ከነሙሉ ጽሑፉ ጠፋ።

ይህን ለመረዳት የጅቡቲን ኪቦርድ ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የምንጠቀምበት የላቲን ፊደል አሰላለፍ የመጣው ክሪስቶፈር ሾልስ ከተባለ አሜሪካዊ ነው፤ የጽሕፈት መኪናውም በሬሚንግተን ፋብሪካ ተሠርቶ በ1874 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። በፈረንሳይ ግን በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንዳንዶቹ ፊደሎች ቦታ የተለዋወጡበት ሌላ አሰላለፍ ተለመደ። ኤ በኪው ቦታ፣ ዜድ በደብልዩ ቦታ ተቀመጡ፤ ኤምም ከታችኛው ረድፍ ተነሥታ ከኤል ጎን ሄደች። ከላይኛው ረድፍ አኀዝ ለመጻፍ እንኳ ሌላ ቁልፍ አብሮ መያዝ የግድ ነው፤ ነጥብም እንዲሁ። ጅቡቲ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር የነበረች በመሆኗ፣ የመሥሪያ ቤቶቿ ቁልፎች በዚህ ሥርዓት የተሰለፉ ናቸው። እኔም ወደዚህች ከተማ የመጣሁ ሰሞን የገዛ ስሜን በላቲን ፊደል ስጽፍ የሌላ ሰው ስም ይመስል ነበር። ሰዓቱ፣ ዘመን አቆጣጠሩ፣ ሙቀቱ ሁሉ አዲስ በሆነበት ጊዜ፣ ፊደል እንኳ ቦታውን መልቀቁ እንዴት እንደሚያስከፋ ያየ ያውቀዋል። ወራት ወስዶብኝ ለመድሁት፤ ወይም የለመድሁት መስሎኝ ነበር።

የሰው እጅ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም። ኦገስት ድቮራክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የጣትን ድካም ይቀንሳል ያለውን አዲስ አሰላለፍ አውጥቶ በ1936 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አግኝቶበት ነበር። ዓለም ግን አልተከተለውም። አዲሱ ይሻል አይሻል እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር እጅ የለመደውን ማስጣል ግን ከክርክር በላይ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ጠፋው ቅጽ ልመለስ። በክፍላችን ጥግ አንዲት ጡረታቸው የተቃረበ ኢትዮጵያዊት እናት ይሠሩ ነበር። ሁላችንም «እትዬ» እያልን እንጠራቸዋለን። ዓይናቸው ስለ ደከመ በኮምፒዩተራቸው ላይ ያሉት ፊደሎች እንደ ሱቅ ማስታወቂያ እጅግ የተለቁ ናቸው። ራሴን ይዤ መቀመጤን አዩና፣

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንህ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ቅጹ ጠፋብኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልገባ ጉድ ነው» አልኋቸው። ስድስት ሰዓት ማለቴ በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ ለጅቡቲያውያን 12 ሰዓት መሆኑ ነው። እኔና እሳቸው ብቻችንን ስንሆን የአገራችንን ሰዓት እንቆጥራለን።

«አንተ ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ ጮኽ ብለህ አንብብልኝ» አሉኝና ወንበራቸውን አስተካከሉ።

አነበብሁላቸው። እትዬ ቁልፎቹን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩም። ዓይናቸው በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ፣ ጣቶቻቸው ግን በየቦታቸው ነበሩ። እኔ አንብቤ ሳልጨርስ እሳቸው ጽፈው ይጠብቁኛል። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ቅጹ ገባ። ያን ጊዜ ነበር ስለ እጃቸው የጠየቅኋቸው።

ትምህርታቸው በአዲስ አበባ፣ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነበር። አንባቢ እንደሚያውቀው የፊደላችን ገበታ ሠላሳ ሦስት ፊደሎች በሰባት ሰባት ረድፍ ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኀዞቹ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣሉ። ይህን ሁሉ ለላቲን ፊደል በተሠራ መኪና ቁልፎች ላይ ማስፈር አይቻልም። ለዚህ ችግር መላ ከፈለጉት ሰዎች መካከል በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩ ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ይነሣል። መላውም የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለያይቶ መምታት ነበር። እትዬ «በ» ብለው ከመቱ በኋላ ቅጥያዋን ጨምረው «ቡ» ያደርጓታል። መምህራቸው ቁልፎቹን እንዳያዩ እጃቸውን በጨርቅ ይሸፍኑባቸው እንደ ነበር ነገሩኝ።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት በየራሳቸው ሥርዓት ይሠሩ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በ1999 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ከገባ በኋላ ነው ነገሩ ወደ አንድ መስመር መምጣት የጀመረው። እትዬ ከመኪና ወደ ኮምፒዩተር፣ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው፣ ጅቡቲ ሲመጡም ወደ ፈረንሳዩ አሰላለፍ ተሸጋግረዋል። ሲቆጠር እጃቸው አራት ጊዜ እንደ ገና ትምህርት ቤት ገብቷል።

ይህን እያወሩኝ ሳለ ወደ ሥራቸው ዞሩና ባክስፔስን ነኩ። ጠበቁ። ደግመው ነኩ። ፊታቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ እጅግ አስጠጉ።

«ልጄ፣ ገጹ ቀርቷል እንዴ? ወይስ ዓይኔ ነው?»

እኔ ያን ጠዋት ሙሉ የተበሳጨሁት ስለ ምቾቴ ነበር። ለእኔ ያቺ ቁልፍ አቋራጭ መንገድ ናት፤ ብትዘጋ ዙሪያውን እሄዳለሁ። እትዬ ግን የማውዙን ጠቋሚ በገጹ ላይ ፈልገው አያገኙትም፤ በገጹ አናት ያለችውን ትንሽ ቀስትም አያዩአትም። ለእሳቸው ያቺ ቁልፍ መንገዱ ራሱ ነበረች። በዓለም ላይ ማየት የተሳናቸው ብዙ ሰዎች የኮምፒዩተሩን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብላቸው ፕሮግራም እየታገዙ የሚሠሩት በቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ስትለውጥ፣ የሚያይ ሰው ይናደዳል፤ የማያይ ሰው ግን ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። «ወይስ ዓይኔ ነው?» ያሉት ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሆኖም ፍርድ እንዳላዛባ የሌላውንም ወገን ልናገር። ለውጡ ያለ ምክንያት አልተደረገም። ክሮም የተባለው ብራውዘር ይህንኑ ልማድ በ2016፣ ፋየርፎክስም በ2021 እ.ኤ.አ. ያስቀሩት ሰዎች ቅጽ ሲሞሉ ጽሑፋቸው እንዳይጠፋ ብለው ነው። ሰው በቅጹ ውስጥ ያለ መስሎት አንዲት ፊደል ሊያጠፋ ባክስፔስን ይነካል፤ ወደ ቀደመው ገጽ ይመለስና የጻፈውን ሁሉ ያጣል። ይህ በእኛም ክፍል ደርሷል። ከዚያ እሑድ በፊት አንድ ባልደረባችን የግማሽ ቀን ሥራው በዚህ ዓይነት ጠፍቶበት፣ ያችን ቁልፍ በሦስት ቋንቋ ሲረግማት ሁላችን ሰምተናል። እኔም አብሬ ረግሜአት ነበር። ስለዚህ የጠየቅነውን ሰጡን ማለት ይቻላል። የማልቀበለው አሰጣጡን ነው። የቤቱን ደረጃ የሚያድስ ሰው ሌሊቱን አንዱን እርከን ካነሣ፣ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ «ተጠንቀቁ» ማለት አለበት። እርከኑ የበሰበሰ መሆኑ ከዚህ ግዴታ አያድነውም። ለእኛ «ተጠንቀቁ» የሚል ቃል በዓይናችን አልታየም፤ ተጽፎ ከነበረም እትዬ በማያዩት ቦታ ተጽፎ ነበር።

ከቀትር በኋላ መላውን አገኘሁ። ኦልት የተባለችውን ቁልፍ ይዞ ወደ ግራ የምታመለክተውን የቀስት ቁልፍ መንካት ወደ ኋላ ይመልሳል። በትልቅ ወረቀት ላይ በወፍራም ቀለም ጽፌ ለእትዬ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡትና አጥፈው በመሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ወረቀት እያየሁ አልሠራም» አሉ። «ቦታውን በጣቴ አሳየኝ።»

እጃቸውን ይዤ ቦታውን አሳየኋቸው። ከትከሻቸው ነጠላቸውን አውርደው በሁለቱ እጆቻቸው ላይ ጣሉት። የክፍሉ ማቀዝቀዣ እያጉረመረመ፣ እሳቸው ነጠላው ሥር ኦልትና ቀስት፣ ኦልትና ቀስት እያሉ ደጋገሙት። ስንት ጊዜ እንደ ሆነ አልቆጠርሁም፤ እሳቸው ግን በሹክሹክታ ይቆጥሩ ነበር። በማግሥቱ ሰኞ ሥራቸው እንደ ቀድሞው ፈሰሰ።

እኔ ወሩን ሙሉ ባክስፔስን ስቀጠቅጥ ከረምሁ። በነካኋት ቁጥር ከጥጉ በኩል ሳቅ እሰማ ነበር።

«ልጄ፣» ይሉኛል፣ «ነጠላዬን ላውስህ?»