ወተት እምቢ ያለችኝ ልጅ

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ወተት ስታይ አፏን ግጥም ታደርጋለች። እኔም አጥንቷ እንዳይላላ ብዬ አፍንጫዋን ይዤ በግድ እግታት ነበር። አንድ ቀን ትን አላትና ትንፋሽ አጠራት። ጀርባዋን መትቼ እስክትመለስ ነፍስ አልቀረልኝም። ከዚያ በኋላ ኩባያ ይዤ ስታየኝ መሸሽ ጀመረች።

አማቴ «ልጄ፣ የላም ሲሳይ ወተት ብቻ ነው እንዴ? እርጎ ስጫት» አሉኝ። እርጎውን ላሰችው!

በዓለም ጤና ድርጅትና በፋኦ ምክር መሠረት ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ እርጎ ከግማሹ በላይ ይሸፍናል። የቀረውን ከሂርና ገበያ እሞላለሁ። እኛ ቤት የሚጋገረው የማሽላ እንጀራ ነው። ጤፍ ግን በካልሲየም ከማሽላ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውድ ስለሆነ ለእሷ ገንፎ ብቻ የሚሆን ትንሽ እገዛለሁ። ጎመንም ቀቅዬ፣ አድቅቄ እጨምርበታለሁ። ካልሲየሙ ሰውነቷ ውስጥ እንዲሰርግ ቫይታሚን ዲ ስለሚያሻ፣ ጠዋት እጅና እግሯን ገልጬ ፀሐይ አሞቃታለሁ።

እናቶች፣ እባካችሁ በግድ አትጋቱ። የእኔዋ ትናንት ማንኪያውን ከእጄ ቀምታ ራሷ በላች።