የታይሮይድ ሕመም እና የደጋው ዳገት

ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የፋርጣ፣ የእስቴና የጋይንት ደጋዎች፣ ገበያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ምንጩና ማሳው በአብዛኛው በእግር የሚደረስባቸው፣ መንገዳቸውም ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅበት በመሆኑ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ራሱ ኑሮ ነው። ስለዚህ የታይሮይድ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በየቦታው የሚሰጠው «እንቅስቃሴ አድርጉ» የሚል ምክር እዚህ ከመነገሩ በፊት፣ ለማን እና ከምን በኋላ የሚለው መለየት አለበት።

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ በግራና በቀኝ የተዘረጋ ዕጢ ሲሆን፣ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ማለትም በደም ተጉዞ የሌሎችን አካላት ሥራ የሚመራው ንጥረ ነገር፣ የልብን ምት፣ የጡንቻን ጉልበትና የሰውነትን ሙቀት ይቆጣጠራል። ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም፤ በደጋው ግን የዘመናት ዝናብና የአፈር መሸርሸር አዮዲኑን አጥቦ ስለወሰደው፣ በዚያ መሬት የበቀለው ገብስም ሆነ ድንች የሚሰጠው አዮዲን ጥቂት ነው። ዕጢው እጥረቱን ለማካካስ ሲያብጥ እንቅርት ይሆናል፤ እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ግን የሆርሞን መዛባት አለበት ማለት አይደለም፤ በተቃራኒውም አንገቱ ላይ ምንም ሳይታይ ዕጢው የታመመ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በ2011 ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ወጥቶ፣ በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው ከአስር ቤተሰብ በዘጠኙ ገደማ ደርሷል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም አዮዲን በሙቀትና በብርሃን ስለሚባክን፣ ጨው በተከደነ ዕቃ ሊቀመጥና ወጡ ከምድጃ ሊወርድ ሲል ሊጨመር ይገባል፤ ደግሞም ትናንት ያበጠውንና የተዛባውን ዕጢ የዛሬው ጨው ብቻውን አያድነውም።

ሆርሞኗ ያነሰባት ሴት ጠዋት መነሳት ይከብዳታል፣ ሌላው የለመደው ብርድ አጥንቷን ሰርስሮ ይገባል፣ ጡንቻዋ ይተሳሰራል፣ ክብደቷ ይጨምራል፤ ከዚያም ሰነፈች ትባላለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ይህ ፍርድ ከሕመሙ ያላነሰ ይጎዳል። ሆርሞኗ የበዛባት ደግሞ እየበላች ትከሳለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ተቀምጣም ይደልቃል፤ የጭኗ ጡንቻ ስለሚሳሳም ከበርጩማ ለመነሳት ጉልበቷን በሁለት እጇ መደገፍ ትጀምራለች፤ ይህንን ቤተሰብ ከሐኪም ቀድሞ ሊያየው ይችላል። አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል ኦክስጅን በሚያንስበት ከፍታ፣ እንዲህ ያለች ሴት ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ ልቧ ላይ የሚያርፈው ጫና ምት እስከማዛባት ሊደርስ ስለሚችል፣ ይህ ጤናን የሚገነባ እንቅስቃሴ ነው ሊባል አይችልም።

አሜሪካዊቷ ሯጭ ጌል ዴቨርስ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢውን ከልክ በላይ የሚያሠራበት የግሬቭስ በሽታ ከታወቀላት በኋላ፣ ሕክምናው ባስከተለው ችግር እግሯ ሊቆረጥ ተቃርቦ ነበር፤ ሆርሞኗ ሲስተካከል ግን ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ታሪክ በሠራችበት በዚያው በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ወርቅ ወስዳለች። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ሕክምናው ይቀድማል፣ ጉልበቱ ይከተላል።

ያነሰውን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን የታዘዘለት ሰው ክኒኑን በየቀኑ በባዶ ሆድ በውሃ ወስዶ፣ ለቡናም ሆነ ለቁርስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት መቆየት፣ የብረትና የካልሲየም ክኒንን ደግሞ በአራት ሰዓት ማራቅ ይኖርበታል። መጠኑ ሲስተካከል፣ ቀኑን ተቀምጦ ለሚውለው የከተማው መምህርና የቢሮ ሠራተኛ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይስማማዋል፤ ልኩም እየተራመደ ማውራት እየቻለ መዘመር የሚያቅተው ፍጥነት ነው። ለልብ ምት ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ምቱን ስለሚያዘገየው፣ የደም ሥሩን ምት ከመቁጠር ይልቅ በዚህ ልክ ቢመራ ይሻለዋል።

ለገጠሯ ሴት የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው። ዕጢውን ምን ያህል እንዲያመነጭ የሚያዝዘው ቲኤስኤች የተባለው ሆርሞን ሕክምና ከተጀመረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ እንደገና ስለሚለካ፣ እስከዚያ ድረስ ውሃውንና እንጨቱን ባል፣ ልጆች ወይም ጎረቤት ቢሸከሙላት፣ ሐኪሙም «ስፖርት ሥሪ» ከማለቱ በፊት በቀን ስንት ጊዜ ምንጭ እንደምትወርድ ቢጠይቃት፣ የታዘዘላት ክኒን የሚሠራበት ጊዜ ያገኛል።