ሥጋ የሌለበት ቅዳሜ

ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም። ከቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ዶሮ ወጥ ቢሸት የሚደነቅ ጎረቤት የለም። በቅርቡ እዚያው ጓሮ የተተከለው የብረት ምድጃ ግን ከእኛ ይልቅ የአገሩ ነው። ስሞከር ይሉታል፤ ሥጋ በጭስ የሚበስልበት ማለት ነው። ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም የተጋደመ በርሜል ሆኖ፣ በአንድ ጫፉ ማገዶ የሚነድበት ሣጥን፣ በሌላው ጫፍ የጭስ መውጫ አለው። ሥጋው ነበልባል አያይም፤ ከሣጥኑ የሚመጣው ሙቀትና ጭስ ብቻ በላዩ ያልፋል። ጥብስ ለለመደ ሰው ትዕግሥት ይጨርሳል። አንድ ሙሉ ፍርምባ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ፍርምባ ያልኩት እናንተ ብሪስኬት የምትሉትን ነው። ከብቱ ክብደቱን የሚሸከምበት ጡንቻ ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ በውስጡ ያለው ኮላጅን ወደ ለስላሳ ጄላቲን እስኪለወጥ ድረስ ረጅም ሰዓት ይጠይቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ማዕከላዊ ቴክሳስ የመጡ የጀርመንና የቼክ ስደተኞች ሥጋ ቤት ከፍተው ያልተሸጠው ሥጋ እንዳይበላሽ ያጨሱት ነበር። ጥቁር አሜሪካውያንና ሜክሲኳውያን ደግሞ የየራሳቸውን ሙያ ጨመሩበት። ሎክሃርት በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው ክሩዝ ማርኬት ዛሬም ይሠራል። ዛሬ አገሬው ሁሉ የሚኮራበት ነገር ከስደተኛ ሥጋ ቤት መውጣቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኛል።

የእኛን ምድጃ የሠራው በወጣቶች ክፍል ሳስተምረው ያደገ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለት ሴሚስተር ከተማረ በኋላ አቋርጦ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ብየዳ መማር ጀመረ። ይህ በቤታቸው ምን እንዳስከተለ ለእናንተ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የብዙዎቻችሁ ቤት ነው። አባቱ አገር ቤት የሂሳብ መምህር ነበሩ። እዚህ ግን ዓመታቸውን ሁሉ በሌሊት ፈረቃ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረዋል። «እኔ ሌሊቱን የገፋሁት ልጄ ብረት እንዲያቀልጥ አይደለም» ብለውኝ ያውቃሉ። ልጁን እንድመክረው ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥተዋል። እኔም ኮሌጅ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ትምህርትን አላጣጥልም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን አባት «ዋናው የሚወደውን መሥራቱ ነው» ብሎ መሸኘት ቅልል ያለ ነገር መስሎ ይታየኛል። የሃያ ዓመት እንቅልፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይመለስም። ስለዚህ ቡና አቅርቤ አዳመጥኳቸው። ከልጁ ጋር ለወራት ከሰላምታ ያለፈ ንግግር አልነበራቸውም።

የወጣቶች ኮሚቴው ምድጃውን ለልጁ ሲያዝ «ከሱቅ ቢገዛ አይሻልም ወይ?» ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ልጁ 250 ጋሎን የሚይዝ አሮጌ የጋዝ በርሜል ፈልጎ አገኘ። በውስጡ የቀረ ጋዝ ሲቆረጥ እንዳይፈነዳ መጀመሪያ በውኃ ሞላው። ከዚያ ቆረጠ፣ በር አበጀ፣ የእሳቱን ሣጥን በየደ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ እንጀራውንና አዋዜውን ይዞ መጣ። ልጁ ግን «ዛሬ ሥጋ የለም» አለ። ያልታወጀ ጾም ሆነብን። የተቀየሙም ነበሩ።

አዲስ ብረት ምግብ አይቀበልም። በውስጡ የብየዳ ብናኝና የማሽን ዘይት አለ። ልጁ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጠበው፤ ባዶውን አነደደው፤ ጠረገው። ከዚያ ውስጡን በሙሉ የምግብ ዘይት ቀባው፤ ግን በስሱ፣ በጨርቅ እየወለወለ። ዘይት ከበዛ ይንጠባጠባል፣ ተጣብቆም ይቀራል። በስሱ ከሆነ ግን በሙቀቱ ከብረቱ ጋር ይያያዝና ዝገት የሚከላከል ጠንካራ ጥቁር ልባስ ይሆናል። ሙቀቱን ቀስ በቀስ እስከ 275 ዲግሪ ፋራናይት (በሴንቲግሬድ 135) አድርሶ አራት ሰዓት ያህል እዚያው አቆየው።

«ታዲያ ማሟሸት ነው አትሉንም!» አሉ አንዲት እናት ከወንበራቸው። ልጆቹ ቃሉን አያውቁትም፤ ያደጉት በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እማማ አስረዷቸው፦ አዲስ የሸክላ ምጣድ እንደተገዛ አይጋገርበትም። ይሞቃል፣ በተወቀጠ ጎመን ዘር እየታሸ እስኪጠቁርና እስኪለሰልስ ይቆያል። አለበለዚያ እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል። ጀበናም ይሟሻል። «እናንተ ደግሞ በርሜል ታሟሻላችሁ» ብለው ሳቁ። ልጁ ቃሉን ሁለት ጊዜ ደጋገመው።

አባቱ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው ብዙም ሳይተኙ መጥተው ዳር ላይ ቆመው ነበር። ልጁ ጠመኔ ይዞ በርሜሉን እየዞረ ጭስ የሚያሾልክበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ ከመውጫው ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጭስ ነበር የሚወጣው። በደንብ ያልነደደ እሳት ጭስ ነው፤ ምግብ ያመርራል። ልጁ የአየር ማስገቢያውን ከፈት አድርጎ የደረቀ የኦክ እንጨት ጨመረ። ቆይቶ ጭሱ ሳሳ፣ ወደ ሰማያዊ አደላ።

ጠረጴዛው ላይ ዘይት የነካው የደብተር ወረቀት ነበር። አባትየው አነሡት፤ መነጽራቸውንም አደረጉ። የበርሜሉ ስፋት፣ የእሳቱ ሣጥን ከማብሰያው ክፍል ሲሶ ያህል እንዲሆን የተሰላበት፣ የጭስ መውጫው ቁመት፣ ሁሉም በእርሳስ ተሠርቷል። ብዙ ቆዩበት።

«ይህን ማን ነው ያሰላው?»

«እኔ።»

«እዚህ ጋ ራዲየሱን ከውጭ ነው የለካኸው፤ ከውስጥ ነበር መለካት ያለበት።»

ልጁ መጥቶ ወረቀቱን አየ። «የብረቱን ውፍረት ታች ላይ ቀንሼዋለሁ» ብሎ በጣቱ አሳየ። አባትየው ወደ ታች አነበቡ። «ልክ ነው» አሉና ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። እኔ ሌላ ሥራ ያለኝ መስዬ እንጨት መደርደር ጀመርኩ።

ወደ ማታ ልጁ ከሱቅ የተገዛ ድቡልቡል ሊጥ በማብሰያው ፍርግርግ ላይ ከዳር እስከ ዳር ደረደረ። ሙቀቱ የት እንደሚበዛ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከእሳቱ ሣጥን አጠገብ ያሉት ጠቆሩ፣ መካከል ያሉት ወርቅማ ሆኑ፣ ዳር ያሉት ገና ነጭ ነበሩ። ያን ቀን የበላነው እሱን ነው፤ ከአዋዜ ጋር መጥፎ አይደለም።

«ሥጋውስ መቼ ነው?» አሉ አባትየው።

«የሚመጣው ቅዳሜ። ለከሰዓት እንዲደርስ እሳቱ ሌሊት 8 ሰዓት መለኮስ አለበት።»

አባትየው የጠቆረውን ሊጥ ቆርሰው አኘኩ። «እኔ ከሥራ የምወጣው በ8 ሰዓት ነው» አሉ።