የሚያልፍብኝ ብርና የእኔ ብር
(ከተሞክሮዬ)

ፍኖተ ሰላም ላይ ሱቅ ስከፍት ንግድ ማለት ገዝቶ መሸጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከቡሬና ከአካባቢው ገበሬ ዛላ በርበሬ እገዛለሁ፣ መርካቶ እልካለሁ፤ ጎን ለጎን ለአንድ አከፋፋይ ድርጅት በወኪልነት ዘይትና ሳሙና እሸጣለሁ። በበርበሬው ኮሚሽን ከፋይ፣ በዘይቱ ኮሚሽን ተቀባይ ነኝ ማለት ነው። በሁለቱም ተሳስቻለሁ። ይህን የምጽፈው ደረሰኙን በፌስታል ቋጥሮ ከባንኮኒ ሥር ለሚያስቀምጥ ሰው ነው፤ የእኔ ፌስታል ቢጫ ነበር።

1. ሸጥሁ ማለት አገኘሁ ማለት አይደለም።

በወኪልነት የምሸጠው ዕቃ የድርጅቱ ነው፤ የእኔ ከመቶ 3 ብር ነው። ብሩ ግን ሁሉም በአንዱ የባንክ ሒሳቤ ይገባ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 600 ሺህ ብር ሸጬ ድርሻዬ 18 ሺህ ሆነ። ግብር ሲወሰን መርማሪው የባንክ መግለጫዬን ገልጦ «ይህ ሁሉ የማን ነው?» አለኝ። «የሰው ነው» አልሁ። «ውሉስ?»

ውል አልነበረም። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የእናቴ ጎረቤት ልጅ ነውና ውል እንፈራረም ማለት ያላመንሁት መስሎ ይታየኝ ነበር። ወኪል በሌላ ሰው ስም የሸጠውን ሕጉ የባለንብረቱ ሽያጭ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ግን ወኪል መሆኔን የሚናገር ወረቀት ያስፈልጋል። ያን ወረቀት ከድርጅቱ ለማምጣት ሦስት ጊዜ ባሕር ዳር ተመላለስሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ አውቶቡስ ላይ ነው። አሁን የድርጅቱ ብር በሌላ ሒሳብ ይገባል፣ እኔም ደረሰኝ የምቆርጠው ለኮሚሽኔ ብቻ ነው።

2. ኮሚሽን ዕቃ አይደለም፣ አገልግሎት ነው።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ከመመዝገቤ በፊት የተርን ኦቨር ታክስ ከፋይ ነበርሁ። በ1995 በወጣው አዋጅ 308 ዕቃ የሸጠ 2 በመቶ ይከፍል ነበር፤ አገልግሎት የሰጠ፣ ከሥራ ተቋራጭ፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከትራክተርና ከኮምባይነር በቀር፣ 10 በመቶ። እኔ «ነጋዴ ነኝ፣ ዘይት ነው የምሸጠው» ብዬ ከ18 ሺህ ብሩ ላይ 2 በመቶ፣ 360 ብር፣ ከፈልሁ። መክፈል የነበረብኝ 1,800 ነበር። ልዩነቱ ከነቅጣቱና ከነወለዱ መጣ። የገረመኝ፣ ማንም አላታለለኝም፤ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የግብር ቢሮው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ በአንድ ደቂቃ ትነግረኝ ነበር።

3. «ከቫት ጋር» እና «ከቫት በፊት» የሚሉትን ቃላት አትዝለሉ።

ሽያጬ የዚያን ጊዜውን ወሰን፣ አንድ ሚሊዮን ብርን፣ ሲያልፍ ለቫት ተመዘገብሁ፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽንም አስገባሁ። በዚያው ሰሞን የሦስት ወር ኮሚሽን 23 ሺህ ብር ከነቫቱ ተከፈለኝ። ካልኩሌተሬን አንሥቼ የ23 ሺህ 15 በመቶ ስል 3,450 ወጣ፤ እሱን አስታወቅሁ። ኋላ የሒሳብ ባለሙያዬ አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያ እስክሪብቶ አንሥተው «ልጄ፣ ለ115 አካፍይ፣ በ15 አባዢ» አሉኝ። 3,000 ብቻ ነበር። መቶ የነበረው ገንዘብ ቫት ሲጨመርበት 115 ሆኗል፤ እኔ ቫቱም ላይ ቫት አስቤ ነበር።

ቀጣዩ ስሕተት ተገላቢጦሹ ነው። ከድርጅቱ «20 ሺህ እንከፍላለን» ሲሉኝ ቫቱን በላዩ እጨምራለሁ ብዬ ተስማማሁ። እነሱ ከነቫቱ ማለታቸው ነበር። በእጄ የቀረው 17,391 ብር ከ30 ሳንቲም ነው። በሁለት ቃላት 2,608 ብር ከ70 ሳንቲም ከሰርሁ፤ ሳንቲሙን ሳይቀር የማስታውሰው ስላመመኝ ነው።

ከሁለቱም የባሰው ግን ቫቱን መብላቴ ነው። ከገዢ የሰበሰብሁትን ታክስ መሳቢያው ውስጥ ሳየው ገንዘቤ ይመስለኝ ነበር። በርበሬ በሚገባበት ወቅት በርበሬ ገዛሁበት፤ ታክሱን የማስታውቅበት ወር ሲያልቅ በርበሬው ገና መኪና ላይ ነው። ከእህቴ ተበድሬ ከፈልሁ። አሁን ማታ የማሽኑን የዕለት ማጠቃለያ፣ ዜድ ሪፖርት፣ ሳወጣ የዕለቱን ቫት እዚያው ወደ ሌላ ሒሳብ አዛውራለሁ። ቤት ውስጥ «የመንግሥት» እንለዋለን፤ ባለቤቴም ከዚያ አይበደርም።

4. የተቆረጠብህ ሁሉ አልተሰረቀብህም።

20 ሺህ ኮሚሽን፣ 3 ሺህ ቫት፤ 23 ሺህ ስጠብቅ 22,600 ገባ። ስልክ አንሥቼ የድርጅቱን ገንዘብ ያዥ ተጣላኋት። 400 ብሩ ግን ቅድመ ግብር፣ ዊዝሆልዲንግ የምንለው፣ ነበር፤ ከቫቱ በፊት ካለው ዋጋ 2 በመቶ ተይዞ በዓመቱ መጨረሻ ከግብሬ የሚቀነስልኝ። (በ2017ቱ የገቢ ግብር ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ሰውማ 30 በመቶ ነው የሚያዝበት።) የሚቀነስልኝ ግን ደረሰኙን ስይዝ ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጣላ እንጂ ደረሰኝ ስጠይቅ አልተገኘሁም።

5. የማሽን ደረሰኝ ይጠፋል።

ወረቀቱ ላይ ጽሑፉን የሚያወጣው ሙቀት ነው፤ ሲቆይ ደግሞ ሙቀትና ፀሐይ ያነጡታል። ቢጫውን ፌስታል ከቆርቆሮው ሥር አስቀምጬ ስምንተኛው ወር ላይ ስፈታው፣ በርበሬ በርበሬ የሚሸት ባዶ ነጭ ወረቀት አገኘሁ። ፎቶ ኮፒ አድርጉ፣ በዚያው ቀን።

6. ኮሚሽን የሚከፈለው ብር ሲገባ ነው።

መርካቶ ገዢ ላገኘልኝ ሰው በርበሬው በተጫነ ዕለት ከፈልሁት። ገዢው በዱቤ ወሰደ፣ ስልኩም ተዘጋ። ኮሚሽኑን መልስ ብዬ ልጠይቀው? እሱ ሥራውን ሠርቷል።

7. ያልተጻፈ የደላላ ክፍያ ወጪ አይባልም።

ቡሬ ገበያ ላይ የሚያገናኙኝን ሽማግሌ አያ እላቸዋለሁ። ገበሬው ከአህያው ላይ ጆንያ ሲያወርድ አያ አንድ ዛላ መዘዝ አድርገው ጆሯቸው ሥር ያንቀጫቅጩታል። ፍሬው ከጮኸ ደርቋል፤ ዝም ካለ እርጥብ ነው፣ ምናልባትም ለሚዛን ብለው ውኃ ረጭተውበታል። ለዚህ ጆሮ በኩንታል 50 ብር እከፍላለሁ፤ አይበዛም። ግን በጥሬው እከፍል ነበር፣ እሳቸውም በጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥሩት ነበር፤ ሌላ ማስረጃ የለም። ሒሳብ ሲመረመር የዓመቱ የደላላ ክፍያ በሙሉ ውድቅ ሆነና ያላገኘሁት ትርፍ ላይ ግብር ከፈልሁ።

ከዚያ በኋላ ስም፣ ቀበሌ፣ የኩንታል ብዛት፣ የብር መጠንና ፊርማ የያዘ ወረቀት አዘጋጀሁ፤ ለገበሬውም እንዲሁ። አያ መጀመሪያ ተቀየሙ። «እቴ፣ ሌባ መሰልሁሽ?» አሉኝ። እኔ ነኝ የተጠረጠርሁት ብዬ የመርማሪውን ነገር ስነግራቸው ሳቁና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ነከሩ።

አምና አንድ ቀን እሳቸውም ደብተር ይዘው መጡ። ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጃቸው ናት የምትጽፍላቸው። ከእኔ ወረቀት ጋር ስናስተያየው ሦስት ኩንታል ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። 150 ብራቸውን ቆጥሬ ሰጠሁ። «ፈርሚ» አሉኝ፣ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው።