ሰማይ ለሚወድ ልጅ ምን እንስጠው?

ለልጅ ስጦታ መምረጥ ቀላል ይመስላል። እኛም በመምህርነታችን እየተመካን እንዲሁ ይመስለን ነበር፤ አንድ ልጅ እስክናሳዝን ድረስ።

ልጁ የእህታችን ልጅ ነው። ዕድሜው ዐሥራ አንድ ሲሆን ደሴ ከአያቱ ከእናታችን ዘንድ ይኖራል። እኩዮቹ ኳስ ሲያባርሩ እርሱ ደጃፍ ቆሞ ደመና ይመለከታል፤ በልጉ ዘገየ፣ ክረምቱ ገባ የሚለው ወሬ ሁሉ የእርሱ ጉዳይ ነው። ጅዳ በሥራ ላይ ያለው አባቱ ደውሎ፣ "ለልጁ ምን ልላክለት?" ባለን ጊዜ ጥቂት እንኳ ሳናመነታ፣ "ባሮሜትር" አልነው። አባትም ከላቡ ቆጥቦ መልከ መልካም መሣሪያ ገዝቶ ላከ።

ከወር በኋላ ደሴ ስንሄድ ባሮሜትሩ ከግድግዳው ላይ የለም። ብንጠይቀው ልጁ አቀረቀረ። በመጨረሻ ከአልጋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና፣ "አጎቴ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ" አለን። ፀሐይዋ ጠራርታ ሳለ መርፌው አውሎ ነፋስን ከሚያመለክተው ጽሑፍ አልፎ ወድቋል። ልጁም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰማይ ማየት ትቶ ኖሯል።

ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። እንዲህ ያለው የቤት ባሮሜትር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 1,013 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ደሴ ግን የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መርፌው እውነቱን ተናገረ፤ ከፍታውን የዘነጋነው እኛ ነን። ይህንኑ ለልጁ ነግረን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ለአባቱም ራሳችን ደወልን።

ከዚያ በኋላ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረብንን ጠየቅን፦ "ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?" "ሌሊት ስንት እንደዘነበ" አለ።

ጎኑ ቀጥ ያለ ሰፊ ብርጭቆ፣ ማስመሪያና ደብተር ገዛንለት። ብርጭቆውን ከዛፍና ከጣሪያ ጠርዝ ርቆ ሜዳ ላይ አኖረው። እናታችን፣ "የዝናብ ነገር የአላህ ነው፤ ልጁን ምን እያስተማራችሁት ነው?" ብትል፣ "የሚመጣውን አውቃለሁ አላለም፤ የተሰጠንን ይቁጠር እንጂ" አልናት።

አንድ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 12 ሚሊ ሜትር ለካ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የቤቱ ጣሪያ 40 ካሬ ሜትር ስለሆነ ልጁ አባዝቶ 480 ሊትር አገኘ፤ ባለ 20 ሊትር 24 ጀሪካን ማለት ነው። "ይህ ሁሉ ከእኛ ጣሪያ ላይ ፈሰሰ?" አለች አያቱ። በሳምንቱ አሸንዳ አስገጥማ በርሜል አስቀመጠች።

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ጥያቄ ሳትሰሙ ዕቃ አትዘዙ። ዕቃው ውድ ስለሆነ ብቻ ለልጁም ለቦታውም አይስማማም። ባሮሜትሩም ዛሬ ወደ ግድግዳው ተመልሷል፤ ልጁ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከፍታን ያስረዳበታል። አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ለእኛም የማድመጥን ትዕግሥት ይስጠን።